የጣርማበር መንገድና የመኪና ፍቅር

መኪና የሚወድ ሰው ስለ መኪና ሲያወራ ሰሚ ጆሮ አያጣም። በጦር ሠፈር ደግሞ ይህ ወሬ ከወሬ ሁሉ ይደምቃል። አንዱ ፔጆን ያወድሳል፤ ሌላው ላንድሮቨርን ያነግሣል፤ ሦስተኛው «ከቶዮታ ወዲያ ላሳር!» ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። እኛ ግን ይህ ክርክር በክበብ ውስጥ በሻይ ብርጭቆ ዙሪያ የሚፈታ አይመስለንም። የመኪናም የነጂም እውነተኛ ዳኛ መንገድ ነው። ከመንገዶችም መካከል ለዚህ ዳኝነት የተፈጠረ የሚመስለን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ የሚገባው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ይህ መንገድ ውርጩንና ሐሩሩን፣ ጉሙንና አቧራውን፣ ሜዳውንና ገደሉን በአንድ ቀን ያሳያል።

በዚህ መንገድ በአውቶቡስም፣ በጭነት መኪናም፣ በቤት መኪናም ተጉዘንበታል። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን መንገዱን እየተከተልን፣ ስለ መኪና አሠራርና ስለ አነዳድ ያለንን አስተያየት እንሰነዝራለን። ጽሑፉ መሪ ለሚጨብጠው ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከጎኑ ለምትቀመጠው ባለቤቱና ከኋላ ልጅ ታቅፋ ለምትጓዘው እናትም ጭምር ነው። ነጂ ሲሳሳት ዕዳውን ብቻውን አይከፍልምና።

ከፍታ የሚቀማው ጉልበት

ከአዲስ አበባ ወጥተን ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን ስናልፍ መንገዱ የዋህ ይመስላል። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የኩበት ክምርና በብርድ የተኮማተረ የበግ መንጋ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ትቀበለናለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምእተ ዓመት የቆረቆሯት ይህች ከተማ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋ የሚያስገርም አይደለም፤ ብርድ ልብሱን የሚያስፈልገው ብርድ እዚያው ደጃፍዋ ላይ ነው።

ነጂው ሳያስተውለው የሚዘረፈው እዚህ ነው። መንገዱ ከደብረ ብርሃን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ፣ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተር ደግሞ የሚኖረው በነዳጅ ብቻ አይደለም፤ አየር ይተነፍሳል። ስለዚህ በወደብ ከተማ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 75 ያህሉን ይዞ ይቀራል። ባለ ካርቡራተር የሆነው አሮጌ መኪናማ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው ልክ መቀነስ ስለማይችል ጥቁር ጭስ እየተፋ ቤንዚን ያባክናል። የዛሬዎቹ መኪናዎች አየሩን እየለኩ ነዳጁን ይመጥናሉ። ሆኖም የሌለ አየር ሊፈጥሩ አይችሉም። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከጉድለቱ ብዙውን ያካክሳል።

ነገሩን ነጂው ካላወቀው አደጋ አለው። በቆላ ሜዳ ላይ የጭነት መኪና ቀድሞ ለማለፍ የሚበቃው ርቀት፣ በደብረ ብርሃን ማዶ አይበቃም። እግሩን እስከ ወለሉ ቢረግጥም መኪናው እንደ ደከመ በቅሎ ይንፏቀቃል። ከፊት ደግሞ አውቶቡስ ይመጣል። ስለዚህ በደጋ ላይ ቀድሞ ለማለፍ የሚፈልግ ሰው ከወትሮው አብልጦ ባዶ መንገድ ይጠብቅ እንላለን።

የቤት እመቤቶችም ይህን የአየር መሳሳት በጓዛቸው ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ አጥብቀው የከደኑት ላስቲክ ጣርማበር ላይ ተነፍቶ ይገኛል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ጎኑ ይሰረጉዳል። ቅቤና ዘይት የያዘ ዕቃ እስከ አፉ ባይሞላ ይመረጣል።

የዋሻው በር

ጣርማበር እውነትም በር ነው። ከዚህ ወዲያ የደጋው አምባ ያልቃል፤ ከዚህ ወዲህ አገሩ ወደ ቆላ ይዘረገፋል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ 600 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጭላዳ ዝንጀሮ በገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ሲነቅል ይታያል። ጉም ሲወርድ ግን ዝንጀሮውም ገደሉም አይታይም።

በጉም ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት ሞኝነት ነው። ብርሃኑ በጉሙ ላይ አርፎ ወደ ነጂው ዐይን ይመለሳል፤ መንገዱም ነጭ ግድግዳ ይሆናል። የሚበጀው አጭር መብራት ነው። ወደ ዋሻው ሲገባ ደግሞ ጥቁር መነጽርን አስቀድሞ ማውለቅና ፍጥነትን አስቀድሞ መቀነስ ያስፈልጋል። ዐይን ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲሻገር ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋልና።

በዚህ አጋጣሚ በዘመናዊ መኪና ላይ ያለንን አንድ ቅሬታ እንናገር። በቀድሞው መኪና የመስተዋት ማሞቂያው ቁልፍ፣ የመጥረጊያው ቁልፍ፣ የመብራቱ ቁልፍ እያንዳንዱ ቦታና ቅርጽ ነበረው። እጅ ያለ ዐይን እርዳታ ያገኘው ነበር። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ሁሉንም በአንድ የመስተዋት ገጽ ላይ ሰብስበውታል። ነጂው የደፈነውን መስተዋት ለማጥራት ዐይኑን ከመንገዱ ነቅሎ ሥዕል ሲፈልግ መኪናው ጣርማበር ላይ ስንት ሜትር ይሄዳል? በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ እንኳ በሁለት ሰኮንድ ውስጥ 22 ሜትር ይሄዳል። እዚያ መንገድ ላይ ከ22 ሜትር በፊት የሚያልቅ ኩርባ ሞልቷል።

ቁልቁለቱ

ከጣርማበር አናት እስከ ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ መኪናው ከ1,700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በወጥ ቤት ቋንቋ እናስረዳ። አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን የቤት መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ አራት ጀሪካን ማለትም 80 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን መኪና ደግሞ ከአምስት በርሜል በላይ ያፈላል። ይህ ሁሉ እሳት የግድ አንድ ቦታ መውጣት አለበት። ነጂው በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ከጥቂት የብረት ታምቡሮና የፍሬን ሸራ ላይ ይወጣል።

ሸራው ሲግል መንከሱን ያቆማል። ታምቡሮው ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። የፍሬን ዘይቱም ከዕድሜ ብዛት ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ከሆነ ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፤ ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ሕዝቡ «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ምንም የተበጠሰ ነገር ሳይኖር የሚደርስ ነው። ስለሆነም የፍሬን ዘይት ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባል። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር እንኳ አይወዳደርም።

መድኃኒቱ የቆየ ነው፤ አቀበቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ሲያዝ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ እሳቱም በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። ፍሬን የሚረገጠው አልፎ አልፎ፣ ጠንከር ተደርጎ ነው፤ ከዚያ ይለቀቃል፤ ይቀዘቅዛል። እግርን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ መውረድ ግን ሸራውን ቀስ እያሉ መጥበስ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ነጂ ደግሞ የጥቂት ብር ቤንዚን ለማትረፍ የሰው ነፍስ ያስይዛል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን ላይ እየበዛ መጥቷል። መኪና ወዳዶች ስለ ድምፁ መጥፋት ያዝናሉ። እኛ ግን ለጣርማበር የተስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይቀማውም። ቁልቁለት ላይም ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ውሃ ያፈላ የነበረው ኃይል ወደ ጎተራ ይመለሳል ማለት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይታወስ፤ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ያን ጊዜ መያዙ ይቀንስና ሸክሙ እንደገና በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከቁልቁለት በላይ ባትሪን አለመሙላት ብልህነት ነው።

ደብረ ሲና ላይ ያየነውን አንድ ነገር እንጨምር። የአውቶቡሱ ጎማዎች ሽታ መስጠት ጀምረው ነበር። ሾፌሩ ጥግ ይዞ አቆመና ረዳቱ ታኮ አስገባ። ሾፌሩም «ግማሽ ሰዓት እንቆያለን፤ ይቀዝቅዝ» አለ። ከኋላ ወንበር ጉርምርምታ ተነሣ። «ሾፌር፣ መሸብን እኮ! የጀመርነውን እንጨርስ!» አለ አንዱ ጎልማሳ። ሌሎቹም አገዙት። ያን ጊዜ ሕፃን ያዘለች አንዲት ወይዘሮ ብድግ አለች፤ ደሴ ወደሚገኘው ወታደር ባለቤትዋ የምትሄድ ነበረች። «ወንድሞቼ» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እኔ እስከ ነገ ብቆይ ግድ የለኝም። ባለቤቴ እዚያ ሆኖ የሚጠብቀው እኔን ነው እንጂ ወሬዬን አይደለም።» ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም። ጎልማሳው ወርዶ ቆሎ ገዛና ለሕፃኑ እናት በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት።

የደብረ ሲና ቆሎ ለዝና ብቻ የሚገዛ አይደለም። ቁልቁል ሲወረድ ጆሮ የሚደፈነው በውጭ ያለው አየር እየከበደ ስለሚሄድ ነው። ማኘክና መዋጥ የጆሮን መተንፈሻ ይከፍተዋል። ሕፃናትን ደግሞ በቁልቁለቱ ላይ ጡት ማጥባት ወይም ውሃ ማጠጣት ለቅሷቸውን ያቀልላል።

የትኛው መኪና?

ሸዋ ሮቢት ገብተን፣ በማንጎው ጥላ ሥር ሻይ ስንጠጣ፣ የክበቡ ክርክር እንደገና ይነሣል። ለመንገዳችን የተስማማው መኪና የትኛው ነው? ለዚህ ጥያቄ ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ምስክር አላት። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር መኪናን በጭቃ፣ በድንጋይና በአቧራ የሚፈትን ነበር። በ1963 እና በ1968 እስከ መጨረሻው የደረሱት መኪናዎች ሰባት ሰባት ብቻ ነበሩ። በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው ደግሞ አባቶቻችን በታክሲነትም በቤት መኪናነትም የሚያውቁት ፔጆ 404 ነው። ጉልበቱ ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ አልነበረም። ነገር ግን ሻንሲው ጠንካራ፣ እግሩ ረጅምና ልስልስ ነበር። ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግም በ1965 በቮልቮ፣ በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ሲነዳ የታወቀው መኪናውን ሳይሰብር በማድረሱ ነበር።

ፎልክስቫገንም የራሱ ክብር አለው። በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የሚፈላ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩ ከኋላ፣ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ ጭቃ ይወጣል። ነገር ግን በኩርባ ላይ በድንገት ነዳጁን የለቀቀበት ነጂ ጅራቱ ሲወረወር ያየዋል። ላዳም ቢሆን ከፊያት 124 ተወልዶ፣ ለሩሲያ መንገድ ብረቱ ወፍሮለትና ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ በመሆኑ መንገዳችንን አላፈረበትም።

ከዚህ ሁሉ የምናወጣው አስተያየት ይህ ነው። ሰፊ ቸርኬ ላይ የተወጠረ ቀጭን ጎማ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ለጉድጓድ ግን ወፍራም ጎማና ረጅም እግር ይሻላል። የዛሬው መኪና የጣሪያው ምሰሶ ወፍሯል። ይህ መኪናው ሲገለበጥ ሰው ያድናል፤ ታዲያ በኩርባ ላይ ቆሞ መንገድ የሚጠብቅን ሕፃንም ሊሰውር ይችላል። ነጂው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ከምሰሶው ጀርባ ይመልከት። ከፈጠራዎች ሁሉ ግን እኛ የምናስቀድመው ጉልበት የሚጨምረውን አይደለም። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣውን በሦስት ቦታ የሚታሰር ቀበቶ ነው። ፋብሪካው ሌሎችም እንዲሠሩበት ፈቀደ። አንድ እጅ የምትሠራው ያቺ ቀላል ነገር ብዙ ሚስቶችን ከመበለትነት አድናለች።

ለፍጥነት የተሠራ ስፍራ

ከአጣዬ እስከ ከሚሴ፣ ከዚያም በቦርከና ሜዳ በኩል መንገዱ ይቃናል። የሚያስጎመጀውም ይኸው ነው። ከጣርማበር ጭንቅ የወጣ ነጂ እዚህ ደረቱን ነፍቶ ነዳጁን ይረግጣል።

የፍጥነት ፍቅር ኃጢአት ነው አንልም። ነገር ግን ሥፍራ አለው። በጀርመን አገር በአይፍል ተራሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ ኑርቡርግሪንግ የሚባል የእሽቅድምድም መንገድ አለ። የሰሜኑ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከ70 በላይ ኩርባዎች አሉት፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቦታም 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለው። ዝነኛው ነጂ ጃኪ ስቱዋርት «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኒኪ ላውዳ እዚያ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ፎርሙላ ዋን ያን ረጅም ዙር ትቶታል። ሆኖም በተወሰኑ ቀናት ማንኛውም ባለ መኪና ቲኬት ገዝቶ ይነዳበታል። በሌሎች አገሮችም እንዲህ ያሉ ሜዳዎች ለባለ መኪናዎች የሚከፈቱበት ቀን አላቸው።

በእነዚያ ቀናት ያለው ሥርዓት የወታደር ሥርዓት ይመስላል። ከመነሻው በፊት መመሪያ ይሰጣል። ቢጫ ባንዲራ «ተጠንቀቅ»፣ ቀይ ባንዲራ «አቁም» ይላል። ቀድሞ ማለፍ የሚፈቀደው በተወሰነ ቦታና በተወሰነ ወገን ነው። በመጨረሻም ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ አንድ ዙር በዝግታ ይነዳል። ሁሉም የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው። አምቡላንስ ተዘጋጅቶ ይቆማል። ላም የለም፤ ግመል የለም፤ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ተማሪ የለም።

በቦርከና ሜዳ ግን እነዚህ ሁሉ አሉ፤ ቢጫ ባንዲራ የሚያውለበልብ ሰው ብቻ የለም። በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር የጨመረ ነጂ ፍጥነቱን ያጠፈው በሁለት ነው። ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል ግን በአራት ታጥፏል። ከብቱን የሚነዳው እረኛ ይህን ሒሳብ የማወቅ ግዴታ የለበትም። የማወቅ ግዴታው የነጂው ነው።

ከእሽቅድምድም ሜዳ ወደ መንገዳችን ልናመጣው የሚገባን ትምህርት ፍጥነቱ አይደለም፤ ሥልቱ ነው። ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ወደ ኩርባ በዝግታ ይገባል፤ መውጫው ሲታይ ነዳጅ ይሰጣል። ዐይን የሚያየው ኮፈኑን ሳይሆን መንገዱ የሚያልቅበትን ሩቅ ቦታ ነው። እጅ መሪውን አይቀጠቅጥም፤ ያባብላል። በየሠፈሩ ሰፊ ባዶ ሜዳ አይጠፋም። አለቆች ፈቅደው፣ ድንገተኛ ፍሬን አያያዝን በሜዳ ላይ መለማመድ ለነጂዎቻችን ብዙ ይጠቅማል። ጎማ የማይቆልፍ ፍሬን ያለው መኪና ሲረገጥ ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል። ይህን መጀመሪያ በሜዳ ያላየ ሰው በመንገድ ላይ ደንግጦ እግሩን ያነሣል።

ሐረጎና ደሴ

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሐረጎ አቀበት ነው። ቀኑን ሙሉ የወረደ ሰው እዚህ ዕዳውን ይመልሳል። ሞተሩ ሙቀት ካበዛ ማርሽ ከብዶ ፍጥነቱ ይቀነስ። ራዲያተር የፈላ እንደሆነም ክዳኑ በትኩሱ አይከፈት፤ ተጨምቆ የቆየው እንፋሎት ፊት ይልጣልና።

በመጨረሻም ለቤተሰብ ጥቂት ምክር። ከባድ ጓዝ ከጣሪያ ላይ ይልቅ ከወለሉ ይጫን፤ ጣሪያ ላይ የወጣ ጤፍ መኪናውን በኩርባ ይገለብጠዋል። ሆዱ የሚታወክ ልጅ ከፊት ተቀምጦ ሩቁን ተራራ ይይ፤ መጽሐፍና ስልክ ይቅርበት። ከነጂው ጎን የተቀመጠች ሚስት ፍጥነቱ ሲበዛ ዝም ማለት ጨዋነት እንዳይመስላት። «ቀስ በል፣ አይዞህ አይመሽብንም» ማለት ለባል ክብር እንጂ ነቀፌታ አይደለም። ባልም ይህን ቃል እንደ አዛዥ ትእዛዝ ቢቀበለው አይጎዳም።

ጦሳ ተራራ ሲታይና የደሴ መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል፣ መኪናው ውስጥ ያሉት ልጆች ተኝተው ከተገኙ ነጂው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ማለት ነው። ለእኛ ከዋንጫ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

መልካም ጉዞ።